«የወገብ ቀበቶ አድርጌ ወደ መጋዘኑ ልመለስ?»

የጠያቂው መልእክት እንዲህ ይላል፦ «ዕድሜዬ 31 ነው። ቃሊቲ አካባቢ አንድ መጋዘን ውስጥ በጫኝና አውራጅነት 6 ዓመት ሠርቻለሁ። ዱቄትና ስኳር እናራግፋለን። ጆንያው 50 ኪሎ ነው። ስምንት ሆነን በቀን አንድ ተሳቢ፣ 400 ኩንታል እናወርዳለን። ከ3 ሳምንት በፊት መሬት ላይ ያለ ጆንያ ጎንበስ ብዬ ሳነሳ ወገቤ ቀጭ አለ። ከዚያ ወዲህ ሕመሙ በቀኝ መቀመጫዬ አድርጎ እስከ ባቴ ይወርዳል። ኤምአርአይ ተነሥቼ በ4ኛውና በ5ኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ዲስክ አብጧል ተባልኩ። አንድ ሐኪም ኦፕራሲዮን ያስፈልግሃል አለኝ። እናቴ ለእሁድ ወጌሻ ቀጥራልኛለች። የሥራ ጓደኞቼ የወገብ ቀበቶ ግዛ ይሉኛል። አለቃዬ ደግሞ ‹ስትወድቅ ያየ የለም፣ ይሄ የሥራ ጉዳት አይደለም፣ ሲሻልህ ና› ብሎኛል። 3 ሳምንት ሙሉ ተኝቻለሁ። ቀበቶ አድርጌ ልመለስ ወይስ ኦፕራሲዮን ልሁን? ምን ይመክሩኛል?»

አጭሩን ላስቀድም። ቀበቶውን አትግዛ። ኦፕራሲዮኑን አሁን አትቸኩልበት። ከአልጋህ ግን ዛሬውኑ ተነሣ። ወደ ሥራ መመለስህ አይቀርም፤ ወደዚያው 50 ኪሎ ጆንያ ግን አትመለስ።

ወደ ምክንያቱ ከመግባቴ በፊት አሁኑኑ አንድ ነገር ሞክርልኝ። ግድግዳ ይዘህ በተረከዝህ ብቻ ጥቂት እርምጃ ተራመድ። የቀኝ እግርህ ፊት ወደ ላይ አልነሣ ካለ፣ ወይም ስትራመድ ነጠላ ጫማህ እየወለቀ መሬት የሚጎተት ከሆነ፣ ነርቩ እየደከመ ነው። በዚህ ሳምንት ውስጥ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሊያይህ ይገባል። ሽንትህ አልወጣ ካለ ወይም ካመለጠህ፣ ሰገራ መቆጣጠር ካቃተህ፣ በሁለቱ ጭኖችህ መካከል ኮርቻ የሚነካው ቦታ ከደነዘዘ፣ ወይም ሁለቱም እግሮችህ ከከዱህ ግን ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂድ። እነዚህ ምልክቶች አንድ ቀን እንኳ አያስጠብቁም። እንዲሁም ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ካለህ ለሐኪሙ ሳትደብቅ ንገረው። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ አለ። የሸክም ሠራተኛ ወገቤን ሲል «ያው ከሸክሙ ነው» ተብሎ ለወራት የታለፈበትን ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለብህ የቀረውን ረጋ ብለህ አንብብ።

ወገብህን የሰበረው የአነሳስ ስህተት አይደለም። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ ምክንያቱም ወደ እኔ የሚመጡ ጫኝና አውራጆች ሁሉ ማለት ይቻላል ራሳቸውን እየወቀሱ ነው የሚመጡት። «ጉልበቴን አጥፌ ባነሳ ኖሮ» ይላሉ። እስቲ ሒሳቡን እንየው። ጀርባህን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ጡንቻ ከአከርካሪህ መሐል ወደ ኋላ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። ጎንበስ ብለህ መሬት ላይ ያለ ጆንያ ስትይዝ፣ የጆንያው መሐል ከአከርካሪህ ወደ ፊት ግማሽ ሜትር ይርቃል። 5 ከ50 ጋር ሲመዛዘን አንድ ለአሥር ነው። ስለዚህ 50 ኪሎውን ለማንሣት ጡንቻው በ500 ኪሎ ኃይል መጎተት አለበት። ያ ጉተታ በሙሉ ዲስኩ ላይ ያርፋል። የራስህ ገላ ክብደት ገና አልተቆጠረም። ኒዮሽ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም በአንድ ማንሣት ዲስክ ላይ የሚያርፈው ጫና ከ3400 ኒውተን እንዳያልፍ ይመክራል። ያ ወደ 350 ኪሎ ገደማ ነው። አንተ ከዚያ በላይ የሆነውን በቀን ስንት ጊዜ ታደርገዋለህ? 400 ኩንታል 800 ጆንያ ነው። ለስምንት ሲካፈል ለአንድ ሰው 100 ጆንያ ይደርሳል። በቀን 5 ቶን!

ዲስክ በአጥንቶቹ መካከል ያለ ትራስ ነው። መሐሉ ዝልግልግ ያለ፣ ዙሪያው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተደራረበ ጠንካራ ቀለበት። ጎንበስ ማለት፣ መጠምዘዝና ክብደት አንድ ላይ ሲመጡ የቀለበቱ ክሮች በጥቂቱ ይላላሉ። የዛሬው ሳይጠግግ ነገ ሌላ ይጨመርበታል። ስለዚህ ያቺ «ቀጭ» ያለችው ጆንያ የመጨረሻዋ ናት እንጂ ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም። ሌላም አለ። ዲስክ ሌሊት ስንተኛ ውኃ ይስባል፣ ያብጣል። ጠዋት ከማታው ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ረዝመን የምንነሣው ለዚህ ነው። ያበጠ ዲስክ ለጎንበስታ የበለጠ ስስ ነው። ተሳቢው ሌሊት ገብቶ ማራገፉ ከንጋቱ 12 ሰዓት የሚጀመር ከሆነ፣ ከፍራሽ ተነሥታችሁ በቀጥታ ወደ ከባዱ ጆንያ እየገባችሁ ነው። የመጀመሪያውን ሰዓት ሸራ በመፍታት፣ ቦታ በማመቻቸትና ቀላል ቀላሉን በማንቀሳቀስ ማሳለፍ ምንም ወጪ የለውም።

«ጉልበትህን እጠፍ፣ ጀርባህን አቅና» የሚለው በየግድግዳው የሚለጠፍ ምክር ለትንሽ ካርቶን ይሠራል። በጉልበቶችህ መካከል የሚገባ ዕቃ ሲሆን ወደ ሰውነትህ ይቀርባል። 50 ኪሎ የዱቄት ጆንያ ግን በጉልበት መካከል አይገባም። ቁጢጥ ብለህ ልታነሣው ስትሞክር ጉልበትህ ከፊት ይቀድምና ጆንያውን የባሰ ያርቀዋል። የአነሳስ ሥልጠና ብቻውን የወገብ ሕመምን እንደሚከላከል ጥናቶች ሲመረመሩ ማስረጃ አልተገኘም። የሚሠራው ሦስት ነገር ነው፤ ክብደቱን መቀነስ፣ ከመሬት ከፍ ማድረግ፣ ወደ ሰውነት ማቅረብ። ያው 50 ኪሎ በ50 ሴንቲ ሜትር ፋንታ በ25 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቢያዝ ጡንቻው የሚጎትተው በግማሽ ይወርዳል።

ኒዮሽ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሻሻለው ስሌት ሁሉም ነገር ሲመቻች፣ ማለትም ዕቃው ወደ ሰውነት ቀርቦ፣ በወገብ ቁመት ሆኖ፣ ሳይጠማዘዙና ሳይቻኮሉ ሲነሣ፣ የሚመክረው ከፍተኛ ክብደት 23 ኪሎ ነው። ያንተን ሁኔታ አስገባሁበት። ከመሬት፣ በግማሽ ሜትር ርቀት። ስሌቱ የሰጠኝ 9 ኪሎ አይሞላም። ድግግሞሹንና መጠማዘዙን ሳልቆጥር ነው። አንተ የምታነሣው ከዚያ ከ5 እጥፍ በላይ ነው። ለሁለት ብታነሡት እንኳ ለየአንዳንዳችሁ 25 ኪሎ ይደርሳል፤ ያም ከጣራው ያልፋል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ለአንድ ጎልማሳ ወንድ ከ55 ኪሎ በላይ የሚፈቅዱ አገሮች ቶሎ ወደዚያ እንዲያወርዱ ብሎ ነበር። ያንን ቁጥር ይዞ «50 ኪሎ ችግር የለውም» የሚልህ ካለ፣ የዛሬ ግማሽ ምዕተ ዓመት እውቀት ይዞ ነው። «እኛ እህል በረንዳ ሙሉ ኩንታል ተሸክመን ምን ሆንን?» የሚሉህ ሽማግሌዎችም ይኖራሉ። አክብራቸው። ነገር ግን ወገባቸው የተቀጨው እዚያ ቆመው አይመልሱልህም። አገር ቤት ገብተዋል።

አንድ ታካሚዬን ላንሣልህ። ያንተው ዓይነት ሥራ ነበረው። እንዴት እንደሚያነሣ አሳየኝ ስለው የክሊኒኩን ፍራሽ ጠቅልሎ እንደ ጆንያ አስተኛው። እግሩን ሳያንቀሳቅስ ጎንበስ አለ፣ ያዘ፣ ከወገቡ ብቻ ተጠማዝዞ ወደ ግራ ወረወረ። «እግርህን ለምን አታዞርም?» አልኩት። መዳፎቹን ፊቴ ላይ ዘርግቶ አራት ስንዝር ለካልኝ። በሁለቱ የጆንያ ክምር መካከል ያለው መተላለፊያ ያቺው ናት። እግር ማዞሪያ የለም። ያንን ሰው ለዓመት አነሳስ ባስተምረው ምንም አይጠቅመውም ነበር። መተላለፊያው መስፋት ነበረበት።

ቀበቶው ላይ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ በአንድ ትልቅ የችርቻሮ ድርጅት መደብሮች ዕቃ የሚያነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሟል። ቀበቶ ዘወትር ያደረጉትም ያላደረጉትም የወገብ ጉዳታቸው አልተለያየም። ሲያደርጉት ደስ ይላል፣ ወገብን ጠበቅ ያደርጋል፤ እውነት ነው። ግን 500 ኪሎውን ወደ 300 አያወርደውም። ይባስ ብሎ የለበሰው ሰው ደፈር ይላል። ለጥቂት ቀን ታክሲ ስትሳፈር ከረዳህ ልበሰው፤ ለሸክም ግን መከላከያ አይደለም።

ኤምአርአዩን በተመለከተ «ዲስኬ ወጣ፣ ተንሸራተተ» እያልክ አትሸበር። ዲስክ ከቦታው አይንሸራተትም፤ ዙሪያው ይጎብጣል ወይም መሐሉ በስንጥቅ ወደ ውጭ ይገፋል። ምንም ሕመም የሌላቸው ሰዎች ኤምአርአይ ሲታይ በ20ዎቹ ዕድሜ ካሉት 30 በመቶ፣ በ80ዎቹ ካሉት 84 በመቶ ያበጠ ዲስክ ተገኝቶባቸዋል። ስለዚህ ፊልሙ ብቻውን ምርመራ አይደለም። ያንተ ሕመም ግን እስከ ባት ስለሚወርድ ከዚያ ዲስክ አጠገብ የሚያልፈው ነርቭ መቆጣቱ አይቀርም። ደስ የሚለው፣ የተገፋውን ክፍል ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ይመጠዋል። አብዛኛው ሰው ያለ ቢላ በ6 እና በ12 ሳምንት መካከል በእጅጉ ይሻለዋል። በነገራችን ላይ፣ ሰፈር ውስጥ «ኩላሊትህ ነው፣ ውኃ ጠጣ» ያለህ ካለ እርሳው። ኩላሊት በጎንበስታ አይብስም፣ ወደ ባትም አይወርድም።

ኦፕራሲዮንን አልጠላም። በኔዘርላንድ ከባድ የእግር ሕመም ባላቸው 283 ሰዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት አለ። ግማሾቹ በቶሎ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። የቀሩት ጠብቀው እንዲያዩ ተደረገ፤ ከእነርሱም ሕመሙ የጸናባቸው 39 በመቶ ኋላ ላይ ቀዶ ሕክምና አደረጉ። ቶሎ የተቀደዱት የእግር ሕመማቸው ፈጥኖ ተወ። በዓመቱ ሲታዩ ግን ከሁለቱም ወገን 95 በመቶ ያህሉ አገግመው ነበር። ስለዚህ ቀዶ ጥገና ፍጥነት ይገዛልሃል። ወደ 50 ኪሎ የሚመልስ አዲስ ወገብ ግን አይገዛልህም። ከ3 ሳምንት ሕመም በኋላ፣ የእግር ድካም ከሌለህ፣ ለቢላ ገና ነህ።

3 ሳምንት መተኛትህ ግን ጎድቶሃል። ማንም አልነገረህም፤ ስለዚህ አልወቅስህም። ከሁለት ሦስት ቀን ያለፈ መተኛት ጡንቻን ያሟሽሻል፣ ፍርሃትን ያሳድጋል። መሬት ላይ ወይም ጣውላ ላይ መተኛትም ግዴታ አይደለም፤ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ይበልጥ ይስማማል። ዛሬ 10 ደቂቃ ተራመድ፣ ጠዋትና ማታ። ከሁለት ቀን በኋላ 15 አድርገው። ስትራመድ ወገብህ ትንሽ ቢያምህ ምንም አይደለም። ሕመሙ ከባትህ ወደ መቀመጫህ እየተሰበሰበ ከመጣ በጎ ምልክት ነው። ወደ እግር ጣቶችህ እየወረደ ከሄደ ቀንስና ፊዚዮቴራፒስት ያይህ።

መድኃኒት ላይ ጥንቃቄ አድርግ። አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ ለጥቂት ቀናት፣ ከምግብ በኋላ፣ ሐኪም ባዘዘው መጠን ይረዳል። ጨጓራ፣ የኩላሊት ችግር ወይም ደም ግፊት ካለብህ ግን ለሐኪሙ ሳትነግር አትውሰድ። ፋርማሲ ገብተህ በየሦስት ቀኑ መርፌ መወጋት መፍትሔ አይደለም። ትራማዶል ከጓደኛ ተቀብለህ እንዳትውጥ፤ ሱስ ያስይዛል። ከሁሉ በላይ ማስታገሻ ውጠህ ወይም ጫት ቅመህ ሸክም ውስጥ አትግባ። ሕመምና ድካም የሚያስቆሙህ ዘበኞች ናቸው። እነሱን አስተኝተህ የምታነሣው ጆንያ ነው የሚያሰናክልህ።

የእሁዱን ቀጠሮ ሰርዝ። እናትህ ያደረገችው ከፍቅር ነው፤ በደንብ አስረዳት። ወጌሻ ለወለምታ ይጠራ ይሆናል፤ ነርቭ የነካ አከርካሪን መጎተት፣ ማጣመም ወይም ጀርባ ላይ መቆም ግን የተቆጣውን ነርቭ ጨርሶ ሊጎዳው ይችላል። እሷ ራሷ ሞቅ ባለ ቅባት ጀርባህን ቀስ አድርጋ ብታሽልህ ጉዳት የለውም፤ ዘና ያደርግሃል።

ወደ ክብደት የምንመለሰው በጀሪካን ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ቤትህ ያለችው 20 ሊትር የምትይዘው ቢጫ ጀሪካን ከማንኛውም የጂም ብረት ትሻላለች። የእግርህ ሕመም ሲሰክንና ግማሽ ሰዓት ያለ ችግር መራመድ ስትችል ጀምር። 5 ሊትር ቅዳባት፣ ወንበር ላይ አስቀምጣት። ወገብህን ሳትቆልምም ከዳሌህ ታጠፍ፤ ከኋላህ ያለውን በር በመቀመጫህ እንደምትዘጋ አድርገህ። ጀሪካኗን ወደ ሆድህ አስጠግተህ 10 ጊዜ አንሣ። በሳምንት ሦስት ቀን በቂ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ካልባሰብህ በሚቀጥለው ሳምንት 2 ሊትር ጨምር። ከባሰብህ ወደ ቀድሞው ተመለስ። 15 ሊትር ስትደርስ ከወንበር ወደ ዝቅተኛ በርጩማ አውርዳት። ከመሬት ማንሣቱ የመጨረሻው ነው። ጎን ለጎን በጀርባህ ተኝተህ ጉልበትህን አጥፈህ መቀመጫህን ከፍ እያደረግክ አቆይ፤ የዳሌ ጡንቻን ያበረታል። ከ6 እስከ 10 ሳምንት ይወስድብሃል። ልታሳጥረው አትሞክር።

አሁን ወደ አለቃህ። «ስትወድቅ ያየ የለም» ያለው ስህተት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ የሚደርስ አደጋን ሲተረጉም ሠራተኛው ሥራውን ሲያከናውን በሚያደርገው ጥረት ምክንያት የሚደርስበትን ጉዳትም ይጨምራል። መውደቅ አያስፈልግም። ጆንያ ሲያነሡ ወገብ መቀጨት ጥረት ነው። ልዩነቱ ኪስህን ይነካል። እንደ ተራ ሕመም ከተያዘ የመጀመሪያውን አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩን ሁለት ወር ግማሽ ታገኛለህ፤ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ሲሆን ግን መሥራት እስካልቻልክ ድረስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፈልሃል። የሕክምናውም ወጪ አለ። ስለዚህ ዛሬ ማመልከቻ ጻፍ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን ስታነሣ እንደሆነ፣ አጠገብህ የነበሩትን ሁለት ሰዎች ስም አስፍር። በሁለት ቅጂ አድርገው፣ አንዱ ላይ «ደርሶናል» አስፈርም። የሐኪም ወረቀትህ ላይ «ሸክም ሲያነሣ» የሚል እንዲጻፍ ጠይቅ። እምቢ ካሉ ወደ ክፍለ ከተማህ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂድ። አንድ ነገር ግን ልብ በል፤ በማኅበር ተደራጅታችሁ ከመጋዘኑ ጋር ውል ያላችሁ እንጂ ተቀጣሪ ካልሆናችሁ ነገሩ ይለያል። ያን ጊዜ የሕግ ሰው አማክር፤ እኔ የወገብ ባለሙያ ነኝ።

ስትመለስ ደግሞ አለቃህን ምን እንደምትጠይቀው እወቅ። ዝም ብሎ «ቀላል ሥራ ስጠኝ» ማለት አይበቃም። ከመሬት ማንሣት የለብኝም በለው። ታችኛው ረድፍ ጆንያ ባዶ ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት የጣውላ መደብ) ተደራርቦ በጉልበት ቁመት ላይ ይደርደር። በረድፎቹ መካከል ሰው እግሩን የሚያዞርበት ቦታ ይተው። ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ይገዛ፤ የአንድ ሠራተኛ የወራት ሕክምና ከዚያ ይበልጣል። ጆንያ መሸከም ግድ ሲሆን ከተሳቢው ወለል ላይ ሁለት አሸካሚዎች ትከሻ ላይ ያሳርፉት፤ ክብደቱ ወደ አከርካሪ ስለሚቀርብ መሬት ላይ ጎንበስ ብሎ ከማንሣት በጣም ይሻላል። ዱቄት በ25 ኪሎም ይታሸጋል፤ ባለቤቱ ፋብሪካውን ይጠይቅ። ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች አብረዋችሁ የሚሸከሙ ካሉ ሕጉ ለእነርሱ ከባድ ሸክምን ይከለክላል፤ ስለ እነርሱም ተናገር። ዲስካቸው ገና ሳይጠና ነው የሚጫንባቸው።

ቃል የማልገባልህ ነገር አለ። አንድ ጊዜ የተቀጨ ወገብ እንደገና ሊያምህ ይችላል፤ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት። መጋዘኑ ምንም ካልለወጠና በቀን 100 ጆንያ ከመሬት ማንሣት ግድ ከሆነብህ፣ ያንን ሥራ ተው ነው የምልህ። በ31 ዓመትህ መቁጠር፣ መመዝገብ፣ ፎርክሊፍት መንዳት ልትማር ትችላለህ። ይህን ስልህ የእንጀራ ጉዳይ መሆኑን አውቃለሁ። ግን በየዓመቱ አንዴ በሚቀጭ ወገብ የሚገኘው እንጀራ ከዚያ ያንሳል።

ከዛሬ ጀምረህ 6 ሳምንት ቁጠር። እየተራመድክ፣ እየተለማመድክ የእግርህ ሕመም ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳህ ሆኖ ከቀጠለ የኤምአርአዩን ፊልም ይዘህ ወደ ነርቭ ቀዶ ሐኪም ተመለስ። ያን ጊዜ ስለ ኦፕራሲዮን መነጋገር ተገቢ ነው። ሐኪሙን ሦስት ነገር ጠይቀው፤ የተገፋው ዲስክ ከሚያምህ እግር ጎን ነው ወይ፣ የነርቩ ድካም እየጨመረ ነው ወይ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ስንት ኪሎ ማንሣት ይፈቀድልሃል።